ከአሰንዳቦ የመጣው ሳጥን

ሳጥኑን ከሲና አልጋ ሥር ያስገባሁት እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም። የሳሎኑ ጣራ ያፈሳል፣ ማድቤት አይጥ አለ፣ የእኔና የባለቤቴ ክፍል ደግሞ መስኮቱ ወደ መንገድ ስለሆነ ሌባ እጁን ቢሰድ ይደርስበታል ብዬ ፈራሁ። የቀረው የልጄ ክፍል ነበር። ደረቅ ነው፣ መስኮቱ ትንሽ ነው፣ በሩ ጥርቅም ብሎ ይዘጋል። ይህን ሁሉ አስቤ ነው ያስቀመጥኩት።

እኔ ሳስብ ሁልጊዜ የሚታየኝ መጥፎው ነው። ሲና ስታስነጥስ የሳንባ ምች ይታየኛል። ባለቤቴ ዕንባቆም አምሽቶ ስልኩ ካልሠራ የተገለበጠ መኪና ይታየኛል። እሱ በዚህ ይስቅብኛል። «ታቢ፣ አንቺ'ኮ ፀሐይ ስትወጣም ምን ሆና ወጣች የምትይ ሴት ነሽ» ይለኛል። ባለፈው ዓመት ብቻ ልጄን ሦስት ጊዜ ለምንም ነገር ክሊኒክ ወስጃታለሁ። በሦስተኛው ካርድ ክፍል የምትሠራው ልጅ ስሜን ሳትጠይቀኝ ታቢታ ብላ ጻፈች።

አንድ ነገር ብቻ ነበር ሳስበው መጥፎ የማይታየኝ። እሱም የሥዕል ገጾቼ ናቸው።

ያደግኩት ሰኮሩ ነው። አባቴ ከሆሳዕና በኩል ለቡና ለቀማ መጥቶ በዚያው የቀረ፣ ሳምንቱን ሙሉ የቀን ሥራ እየሠራ እሑድ የሚሰብክ ሰው ነበር። ቤታችን ውስጥ መጽሐፍ ቅዱስና የመዝሙር ደብተር እንጂ ሌላ የሚነበብ ነገር አልነበረም። በወር አንድ ጊዜ ግን ጅማ የምትታተም ስምንት ገጽ ያላት የልጆች መጽሔት በአውቶቡስ ትመጣ ነበር። ለክፍላችን የምትደርሰው አንዲት ቅጂ ናት። በተራ ነው የምናነባት፤ የእኔ ተራ ዘጠነኛ ነበር። እኔ ጋ እስክትደርስ ጠርዟ በጣት ወዝ ይለሰልሳል።

የመጨረሻዎቹ ሁለት ገጾች በሥዕል የሚነበብ ታሪክ ነበራቸው። «ድንቄና ጉሬዛዋ» ይባላል። ድንቄ የአንድ እጇ እጅጌ የተቀደደ ቀሚስ የምትለብስ፣ ከቡና ጫካ ውስጥ ነጭና ጥቁር ጉሬዛ ያገኘች ልጅ ናት። ሰው ሲጠፋ ጉሬዛው ከዛፍ ዛፍ እየዘለለ ይመራታል፣ እሷ ከሥር ትሮጣለች፣ የጠፋውን ያገኙታል። ሥዕሉን የሚሥለው መምህር ፈለቀ የሚባል ሰው መሆኑን እናውቅ ነበር፤ ከገጹ ታች በትንሹ ይጽፈዋል።

የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ በመጣችው ቅጂ አዳኞች ጉሬዛውን አባረውት ዋሻ ገባ። ድንቄም ችቦ ይዛ ተከትላው ገባች። የመጨረሻው ሥዕል ጥቁር ዋሻና የችቦው ብርሃን ብቻ ነበር። ከሥሩ «ይቀጥላል» ይላል። አልቀጠለም። መጽሔቷ ከዚያ በኋላ አልመጣችም። እኔ ያቺን ልጅ ከዋሻ ሳትወጣ ማደር አቃተኝ። ለአባቴ አልቅሼ ጸልይላት አልኩት። አባቴ አልሳቀብኝም። ወረቀት ላይ ያለች ልጅ መሆኗን ነገርኩት፤ ለማንኛውም ብሎ ጸለየላት።

ከዚያ አደግኩ፣ አሥረኛ ክፍል ጨረስኩ፣ አገባሁ፣ ጅማ ገባሁ። የዛሬ ስድስት ዓመት ለዘመድ ሠርግ አጋሮ ሄጄ ለስጦታ መጠቅለያ ልገዛ አንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ገባሁ። ባለሱቁ ከመደርደሪያ ሥር ያወጣው ሰፊ ወረቀት ላይ ድንቄ ቆማለች። የታተመው አልነበረም። በእጅ የተሣለው፣ ማተሚያ ቤት የገባው ዋናው ገጽ ነው። ማተሚያ ቤቱ ሲዘጋ አሮጌ ወረቀት ተብሎ ተሸጦ ነው እዚያ የደረሰው። መጠቅለያውን ረስቼ ሥዕሉን ይዤ ወጣሁ፤ ሙሽራዋ ስጦታዋን በጋዜጣ ተጠቅልሎ አገኘችው።

የታተመው ላይ የማይታይ ነገር ዋናው ገጽ ላይ አለ። መምህር ፈለቀ መጀመሪያ በእርሳስ በስሱ ይሥላል፤ ከዚያ በላዩ በተማሪ ቀለም ይሄድበታል። ሐሳቡን ሲቀይር አያጠፋም፤ ወረቀቱ ስስ ስለሆነ ላጲስ ይቀድደዋል። ማተሚያው የሚያነሣው ጥቁሩን ብቻ ስለሆነ እርሳሱ ከሥር ቢቀርም ማንም አያየውም። ስለዚህ እያንዳንዱ ገጽ ሁለት ታሪክ አለው። በዚያ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ድንቄ በቀለም ታለቅሳለች፤ ከሥሩ በእርሳስ ስትስቅ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አሥራ አንድ ገጽ ሰበሰብኩ። ከአጋሮ፣ ከሊሙ፣ አንዱን ደግሞ ከጅማ ምግብ ቤት ግድግዳ ላይ። ዕንባቆም በያጅ ነው፤ ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ አጠገብ ጋራዥ ውስጥ ይሠራል። ገጾቹን የማስቀምጥበት ጠፍጣፋ የብረት መደርደሪያ ሠርቶልኛል። ጸሎት ቤት ያሉት እህቶች ምን ያደርግልሻል ሲሉኝ የምመልሰው የለኝም። መደርደሪያውን ስከፍት ዘጠነኛ ተራዬ የደረሰ ይመስለኛል፤ ይህን ደግሞ ለማን ይነግሩታል።

ሰኔ ላይ አንድ የማላውቀው ስልክ ደወለ። አብሳሎም እባላለሁ፣ የመምህር ፈለቀ ልጅ ነኝ አለኝ። አሰንዳቦ እህል ይነግዳል። ሥዕሎቹን እንደምሰበስብ ከሊሙ ሰው ሰምቷል። አባቱ ካረፉ ዓመታት ሆኗቸዋል፤ ጓዳ ውስጥ ግን የቆርቆሮ ሳጥናቸው አለ። ታትመው የማያውቁ ገጾች አሉበት።

«ዋሻው አለ?» አልኩት።

«አለ፤ አራት ገጽ ነው። ያልቃል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ። ሳጥኑ ደረቅ ቦታ ነው ወይ ብዬ ደወልኩ። በማግሥቱ ስለ አይጥ ደወልኩ። ከዚያ ምስጥ። በአራተኛው አሁን ክረምት ነው፣ ነቀዝና ብል የሚፈላበት ጊዜ ነው፣ እባክህን አንድ ነገር አድርግ አልኩት። ሰውየው ታጋሽ ነው። «እህቴ፣ ሐሳብ አይግባሽ። የነቀዝ መድኃኒት አድርጌበት ነው የምልክልሽ፤ አንዲት ተባይ አትጠጋውም» አለኝ። ጌታ ይባርክህ ብዬ ዘጋሁ። ሰኮሩ ሳለን ነቀዝን በአመድ ነው የምንከላከለው። ምን ዓይነት መድኃኒት ነው፣ ሰው ይጎዳል ወይ አላልኩም። ሁሉን የምጠይቅ ሴት ይህን አልጠየቅኩም።

ሐምሌ ላይ አንድ ዓርብ ዕንባቆም የተሰበረ አይሱዙ ለመበየድ አሰንዳቦ ሄደ። ሲመለስ ሳጥኑን በማዳበሪያ ከረጢት እንደተጠቀለለ፣ በሲባጎ እንደታሰረ በሞተር ብስክሌቱ አመጣው። በመንገድ ዝናብ ደብድቦታል። ሲና እየዘለለች ክፈቱት አለች። ሰባት ዓመቷ ነው፤ የድንቄን አሥራ አንድ ገጾች በቃሏ ታውቃለች። እኔ ግን እሑድ ከጸሎት ቤት ስንመለስ አብረን እንከፍተዋለን አልኩ። ሠላሳ ዓመት የጠበቀ ሰው ሁለት ቀን አያቅተውም ብዬ ቀለድኩ። እውነቱ ሌላ ነው። ድንቄ ዋሻው ውስጥ ሞታ እንደሆነስ ብዬ ፈርቼ ነው ያዘገየሁት።

ከረጢቱ ስለረጠበ ፈትቼ ጣልኩት። ሳጥኑን ሳልከፍት ጠራረግኩትና ወደ ልጄ ክፍል ወሰድኩት።

በማግሥቱ ቅዳሜ የሴቶች ጸሎት ነበረኝ። ሲና ጉንፋን ይዟት ስለነበር አልጋ ላይ ትቆይ፣ ብርድ እንዳይመታት መስኮቱ አይከፈት ብዬ ለዕንባቆም ነግሬው ወጣሁ። መስኮቱን በእጄ ነው የዘጋሁት። የበሩን ሥር እንኳ ነፋስ እንዳይገባ በጨርቅ ወትፌዋለሁ።

ስመለስ ስድስት ሰዓት አልፏል። ዕንባቆም በረንዳ ላይ የሞተር ብስክሌቱን ሰንሰለት በጋዝ እያጠበ ነው። ሲናን ሁለቴ አይቷታል፤ ብርድ ልብስ ተከናንባ ተኝታለች አለኝ። በሩን አልፌ ኮሪደሩ ላይ ስደርስ ሽታው መታኝ። ነጭ ሽንኩርት ይመስላል፤ ግን የምግብ ሽታ አይደለም፣ ጉሮሮ ይይዛል። ምንድን ነው የሚሸተው አልኩት።

«ካርባይድ ነዋ። ከቱታዬ ነው» አለ ሳይዞር።

እውነትም የብየዳ ካርባይድ ሽታ ቤታችን ውስጥ አዲስ ነገር አይደለም። ዕንባቆም ሲገባ አብሮት ይገባል። ልንቀሳቀስ አልኩና ቆምኩ። ቱታውን ዓርብ ማታ እኔው አጥቤው ነበር፤ አሁን በረንዳው ገመድ ላይ፣ ከዕንባቆም ራስ በላይ እየተንጠባጠበ ነው።

የሲናን በር ስከፍት ሽታው ከፊት ገፋኝ። ልጄ መሬት ላይ ተቀምጣለች። አልጋዋን የሞሉት ሥዕሎች ናቸው። ሳጥኑ ክፍት ነው። ብርድ ልብሱን እንደ ድንኳን ከአልጋው ወደ ሳጥኑ ዘርግታ ከሥሩ ስታነብ ነበር። ፊቷ አመድ መስሏል፣ ፊት ለፊቷ አስታውካለች።

«እማ፣ ደረቴ» አለችኝ።

ከሳጥኑ ጥግ የወንድ ካልሲ አለ፤ አፉ በክር ታስሮ ነበር፣ እሷ ፈትታዋለች። ውስጡ ግማሹ ግራጫ ዱቄት የሆነ ክብ ክብ ኪኒን አለበት።

ዕንባቆም ከኋላዬ መጣና አያት። ጉንፋኑ ሆዷ ገብቶ ነው፣ ቁርስም አልበላች አለ። ድምፁ የተለመደው ነበር፤ እኔን የሚያረጋጋበት። «ታቢ፣ እንደ ልማድሽ አትሁኚ።»

«ቱታህ ገመድ ላይ ነው» አልኩት።

መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ በመስኮት ቱታውን አየው።

ከአጥሩ ማዶ ጎረቤታችን ጋሽ ቲጃኒ አሉ። ሃያ ዓመት በእህል መጋዘን ሠርተዋል። እየጮህኩ ጠራኋቸው። ጋሽ ቲጃኒ የእኔን ጩኸት ለምደውታል፤ ባለፈው ድመት ቧጨረቻት ብዬ እንዲሁ ጠርቻቸው ነበር። የሲና እናት፣ ደግሞ ዛሬ ምን በላን እያሉ በዝግታ መጡ። ኮሪደሩ ላይ ሲደርሱ እግራቸው ቆመ። ፎጣቸውን በአፍንጫቸው ላይ አደረጉ።

«ልጅቷን አውጣት» አሉት ዕንባቆምን። «ደፊ፣ ቶሎ በል። አሁን፣ አሁን።»

አንሥቶ ሮጠ። እኔ እሳቸው ፊት ቀርቼ ካልሲውን አሳየኋቸው። እንዳትነኪው አሉኝ።

«የነቀዝ ኪኒን ነው። እርጥብ አየር ሲነካው ጋዝ ይሆናል፣ መጋዘን ዘግተን፣ ሰው አስወጥተን ነው የምንጠቀምበት። ያ ረቢ፣ መኝታ ቤት ማን አስገባው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ባጃጁን ያስቆመው ዕንባቆም ነው። ሲና ጭኔ ላይ ሆና ልንነሣ ስንል ጋሽ ቲጃኒ ሳጥኑን በረጅም መንጠቆ እየጎተቱ ከቤት ሲያወጡት አየሁ። ሥዕሎቹን በእንጨት ገፍተው ወደ ውስጡ መልሰዋቸዋል። ግቢው መሀል አደረሱት፣ ክዳኑን ገልብጠው ከፈቱት፣ ወደ ኋላ ሸሹ። ሰማዩ ተዳፍኖ ነበር። የመጀመሪያው የዝናብ ጠብታ ቆርቆሮው ላይ ሲያርፍ ድምፁን ሰማሁ። እኔም ዞሬ አየሁ። ልጄ እቅፌ ውስጥ እያቃሰተች ዞሬ ሳጥኑን አየሁ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

መንገድ ላይ ዕንባቆም በድንገት ጭንቅላቱን ያዘ። አብሳሎም ሳጥኑን ሲሰጠው ውጭ ከፍታችሁ ሳታናፍሱት ቤት እንዳታስገቡት ብሎት ነበር። ረስቶታል። ዝናብ ሲመታው ቶሎ ልድረስ ማለቱን እንጂ ሌላ አላሰበም። ይህን እየነገረኝ አላየኝም፤ የባጃጁን ሸራ ነው ያየው። እኔ ልናገር ከንፈሬን አላቀቅኩ። አራት ጊዜ መደወሌ ታወሰኝና መልሼ ገጠምኩት።

ሆስፒታል የተቀበለችን ዶክተር ጊፍቲ የምትባል ወጣት ናት። ስንት ሰዓት ክፍሉ ውስጥ ቆየች አለችኝ። ቆጠርኩት። ሌሊቱን ሳጥኑ ተዘግቶ ነበር፤ ካልሲውን ከፈተችው የምንለው እኔ ከወጣሁበት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ነው። ሦስት ሰዓት ያህል፣ መስኮቱ ተዘግቶ፣ የበሩ ሥር ተወትፎ። ስነግራት ዶክተሯ እስክሪብቶዋን ማንቀሳቀስ አቆመች።

«ማርከሻው ምንድን ነው?» አልኳት።

«ማርከሻ የለውም» አለች። ዋሸችኝ እንዳልል ፊት ለፊት እያየችኝ ነው የተናገረችው። «ኦክስጅን እንሰጣታለን፣ ልቧንና ሳንባዋን እንከታተላለን። ዛሬና ነገ ወሳኝ ናቸው። ደኅና መስላ ልትደክም ትችላለች፣ ስለዚህ አጠገቧ ሁኚ።»

ዕድሜ ልኬን ለዚህ ቀን ስለማመድ የኖርኩ ይመስለኝ ነበር። ስንቴ ልጄን በሐሳቤ አስታምሜያት፣ ስንቴ በሐሳቤ ሐኪም ቤት ኮሪደር ላይ ቆሜ አልቅሻለሁ። ቀኑ ሲደርስ ምንም አላውቅም ነበር። እጄን የት እንደማደርገው እንኳ አላወቅኩም። ግሉኮሱ ጠብ ጠብ ሲል እቆጥራለሁ፣ ደረቷ ሲነሣ እቆጥራለሁ፣ ይሳሳትብኝና እንደገና ከአንድ እጀምራለሁ።

አመሻሹ ላይ ዓይኗን ገለጠች።

«እማ፣ አነበብኩት። ትቆጪኛለሽ?»

አልቆጣሽም አልኳት።

«እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ልንገርሽ?» አለችና አየችኝ። ፊቴ ምን ይመስል እንደነበር አላውቅም። «አይ፣ ይቅር። አንቺ ትፈሪያለሽ።»

ያቺ ቃል ውስጤ ገብታ ተቀመጠች። ድንቄ አልወጣችም ማለት ነው አልኩ። ዋሻው ውስጥ ቀርታለች፣ ልጄ ይህን አንብባለች፣ አሁን እሷም እያወቀች ነው የተኛችው። ሞኝነት መሆኑ ይገባኛል። ግን በዚያ ሰዓት ሁለቱ ልጆች ለእኔ አንድ ሆነው ነበር። የአንዷ ቢነገረኝ የሌላዋን የማውቅ መሰለኝ፤ ስለዚህ ደግሜ አልጠየቅኳትም።

አብሳሎም ደወለ። ዕንባቆም ነግሮት ኖሮ እያለቀሰ ነው። እነሱ ጋ እህል ላይ፣ ባቄላ ላይ፣ ቡና ላይ ይህንኑ ነው የሚያደርጉት፤ ሁሉም ሰው ቤት አለ። ለአባቱ ሥዕል ብሎ ሁለት ይበቃ የነበረውን ስድስት አድርጎበታል። «ስለ ተጨነቅሽ ነው እህቴ። ደኅና እንዲቆይልሽ ብዬ ነው» አለኝ። ልረግመው አስቤ ነበር ስልኩን ያነሣሁት። ጸልይልን ብዬ ዘጋሁት።

እሑድ ጠዋት የሲና ትንፋሽ ፈጠነ። ዶክተር ጊፍቲ ማዳመጫውን ከልጄ ደረት ሳታነሣ ለነርሷ በእጇ ምልክት ሰጠች፤ ኦክስጅኑን ጨመሩት። ጭምብሉ ፊቷን ሙሉ ሸፍኖት ዓይኗ ብቻ ቀረ። ሳንባዋ ውኃ እየቋጠረ ሊሆን ይችላል አሉ። ዕንባቆም ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ነበር፤ ስወጣ «እንደ ልማድሽ ያልኩሽ...» ብሎ ጀመረና መጨረስ አቃተው። ያ ሁልጊዜ የሚስቅብኝ ሰው አሁን የምለውን ይጠብቃል። ትድናለች በይኝ የሚል ይመስላል። አልቻልኩም። በሕይወቴ ብዬው የማላውቀው ቃል ነው።

ገብቼ አልጋዋ ጫፍ ተንበረከክኩ። የመጣልኝ ጸሎት የአባቴ ነው፤ ያኔ ሰኮሩ ለወረቀት ልጅ የጸለየው። «ጌታ ሆይ፣ ከዚያ ከገባችበት አውጣት።» ከዚህ ሌላ ቃል አልነበረኝም፤ እሱኑ እያልኩ ዋልኩ።

ሲመሽ ትንፋሿ አልባሰም። በማግሥቱ ሰኞ ፍጥነቱ ቀነሰ። ማክሰኞ ጭምብሉን አወለቁላት፣ ሻይ በዳቦ ጠየቀች፣ ዳቦው ደርቋል ብላ ተቆጣች። ዶክተር ጊፍቲ ደጋግማ አዳመጠቻትና ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሷን አየሁት። ለሳምንት እያመጣሽ አሳይኝ አለችኝ። በየቀኑ ላምጣት ወይ አልኳት።

የግሉኮሱን መርፌ ከእጇ ሲያወልቁላት እንዳታይ ብዬ ወሬ ልፈጥርላት አሰብኩ፤ የመጣልኝ ያው ነው።

«ድንቄ ወጣች?» አልኳት።

«ወጣች። ጉሬዛው ነው ያልወጣው። ከዋሻው በር ቆማ ስትጠብቀው፣ ችቦው ጠፍቶ፣ እዚያ ላይ ያልቃል።»

«እና ይኼን ነው ትፈሪያለሽ ብለሽ የደበቅሽኝ?»

«እኔ ፈርቼ ነዋ» አለች። «አንቺ ስትፈሪ ደግሞ የኔ ይብሳል።»

ቤት ስንደርስ ጋሽ ቲጃኒ በራችን ላይ በርጩማ አውጥተው ተቀምጠው ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ሰው እንዳይገባ ግቢውን ጠብቀዋል። በርና መስኮቱን ከፍተው ቤቱን አናፍሰውታል፤ ከኪኒኑ የቀረውን ዱቄት ከጓሮ በጥልቅ ቀብረውታል። እሑድ አንዲት ዶሯቸው በአጥሩ ሾልካ ሳጥኑ ጋ ደርሳ ሞታ ተገኝታለች። ይህን የነገሩኝ ሲና ከገባች በኋላ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው። በርጩማቸው ላይ ተቀመጥኩ።

ሥዕሎቹን ማንም ሳያዛቸው አንድ በአንድ በልብስ መቆንጠጫ በረንዳው ገመድ ላይ ሰቅለዋቸዋል። ለሁለት ቀን የዘነበው ዝናብ ሳጥኑን ሞልቶት ነበር። የተማሪ ቀለም ውኃ አይችልም። ገጾቹ ግራጫ እድፍ ያለባቸው ባዶ ወረቀቶች ይመስላሉ፤ የተዘበራረቀ፣ እንደ ታጠበ ደብተር። አላለቀስኩም። ልጄ ከውስጥ ውኃ አምጡልኝ ስትል ይሰማኛል።

ቀረብ ስል ነው ያየሁት። ቀለሙ ሄዷል፣ እርሳሱ ግን አልሄደም። ስሱ መስመር በእያንዳንዱ ገጽ ላይ አለ።

ሲና ጋቢ ተከናንባ ወጣችና አጠገቤ ቆመች። ከገመዱ ጫፍ ያለውን ገጽ አየች፣ ዘወር ብላ እኔን አየች።

«እማ፣ ይሄ አልነበረም።»

ከዋሻው በር ላይ ድንቄ በእርሳስ ቆማለች። ትከሻዋ ላይ ጉሬዛው ተቀምጧል፤ ጅራቱ እስከ ጉልበቷ ወርዷል። ችቦው ይነድዳል። መምህር ፈለቀ መጀመሪያ የሣለው ይህን ነው። ከዚያ በላዩ ጉሬዛውን ትቶ፣ ችቦውን አጥፍቶ በቀለም ሄደበት። ዕንባቆም ለምን ቀየረው አለኝ። እኔ ምን አውቃለሁ አልኩት። አብሳሎምን ጠይቄው ነበር፤ እሱም አያውቅም።

ገጾቹ ደርቀው ከአሥራ አንዱ ጋር ብረት መደርደሪያው ላይ ናቸው። መደርደሪያውን ዕንባቆም ከቤት አውጥቶ በረንዳው ላይ ቆልፎልኛል፤ ዝናብ እንዳያገኘው ከላይ ቆርቆሮ በይዶበታል። ጋሽ ቲጃኒ ንጹሕ ነው፣ ምንም የለበትም፣ ወረቀት ጋዝ ይዞ አይቆይም ብለው ምለውልኛል። ዶክተሯም ብላኛለች።

እኔ ግን አሁንም አንድ በአንድ እያወጣሁ አሸታቸዋለሁ። ሲና ካየችኝ ትፈራለች። ስለዚህ የማሸተው ትምህርት ቤት ስትሄድ ነው።